ከመሃል ለመንቀሳቀስ የሚከብድ ጆይስቲክ፦ ሞላውን ልቀይረው ወይስ ሌላ መላ አለው?

ጥያቄ — ደጋማው አብራሪ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። በኮምፒውተሬ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የተባለውን የበረራ ጨዋታ የምጫወትበት ጆይስቲክ (የመሪ እጀታ) ከመሃል ለመንቀሳቀስ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። በእጀታው ሥር አንድ ትልቅ ሞላ ብቻ ያለው፣ ዋጋውም መካከለኛ የሆነ ዓይነት ነው። ትልልቅ አውሮፕላኖችን ሳበር ችግሩ ብዙም አይሰማኝም። ሄሊኮፕተር ይዤ ቦሌ ላይ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብዬ በአንድ ቦታ ለመቆም ስሞክር ግን እጀታው በመጀመሪያ አልነቃነቅ ይልና፣ ጫን ስለው በድንገት ከምፈልገው በላይ ይሄዳል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለሞተሩ የሚተርፈው ጉልበትም ጥቂት በመሆኑ ትንሿ የእጅ ስሕተት ወዲያውኑ ትታያለች።

በሲሙሌተሩ ውስጥ ሴንሲቲቪቲውን (ለእጀታው እንቅስቃሴ የሚሰጠውን ምላሽ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ተቀናሽ 30 በመቶ አውርጄ አየሁ። የሄሊኮፕተሩ ምላሽ ረጋ ቢልም የእጄ አንጓ መዛሉ አልቀረም። ሞላውን አውጥቶ ጥቂት መቁረጥ ያለዝበዋል የሚል ምክር ሰምቻለሁ። ይህ ትክክል ነው? የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ መለዋወጫ ከውጭ ሳላስመጣ የሚሠራ መፍትሔ ብታመላክቱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ 1 — መፍቻ በእጄ

ወንድሜ፣ ወደ ሞላው ከመሄድዎ በፊት የከበደዎት በእርግጥ ሞላው መሆኑን ያረጋግጡ፤ እኔ ከገለጻዎ የምረዳው ሌላ ነገር ነው። ሞላ ብቻውን ሲጠነክር፣ እጀታው በገፉት መጠን እኩል እየጨመረ የሚሄድ መቋቋም ያሳያል። እንደ ተጣበቀ መሳቢያ መጀመሪያ እምቢ ብሎ በኋላ በአንዴ የሚለቅ ከሆነ ግን ዋናው ምክንያት ሰበቃ (ፍሪክሽን) ነው። አንድ ትልቅ ሞላ ባላቸው ብዙ ጆይስቲኮች ውስጥ እጀታው የሚዞረው በፕላስቲክ ሉልና በፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ሲሆን፣ እነዚህን ሁለቱን ጨምቆ የሚይዛቸውም ያው ሞላ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ሞላ ሰበቃውንም ያባብሳል፤ ሁለቱ ችግሮች በእጅ ስሜት ብቻ የማይለዩትም ለዚህ ነው።

በቁጥር ግን ይለያሉ። ለሻንጣ መመዘኛ የምትሆነውን በእጅ የምትንጠለጠል ሚዛን ይውሰዱና መንጠቆዋን በገመድ ከእጀታው ጫፍ ጋር ያስሩ፤ ከዚያም ከእጀታው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ወደ ጎን በዝግታ ይሳቡ። እጀታው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ እየሄደ ሳለ ሚዛኗ የምታሳየውን ይጻፉ፤ ጥቂት አሳልፈው በዝግታ እየለቀቁ ሲመልሱትም እዚያው ቦታ ላይ የምታሳየውን ይጻፉ። ሲሄድ ሞላውና ሰበቃው በአንድነት ይቃወሙዎታል፤ ሲመለስ ደግሞ ሰበቃው ሞላውን ይይዘዋል። ስለዚህ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ግማሹ የሰበቃው ድርሻ ነው፤ አማካያቸው የሞላው ነው።

ሰበቃው ከሞላው ሩብ በላይ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ሞላውን መንካት አያስፈልግም። ሉሉንና መቀመጫውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ ለፕላስቲክ የሚስማማ የሲሊኮን ግራሶ በስሱ ይቀቡት። የመኪና ግራሶ አንዳንድ ፕላስቲኮችን ሊያሳብጥ ስለሚችል አይጠቀሙበት፤ ደብልዩ ዲ 40ም ቶሎ ስለሚጠፋ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲፈቱት ዩኤስቢውን ይንቀሉ፣ ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ፤ ተጨምቆ የቆየ ሞላ ሲለቀቅ በኃይል ይፈናጠራል። በእጀታው መሃል የሚያልፉት ቀጫጭን ሽቦዎች ከብየዳቸው በቀላሉ ስለሚላቀቁ እጀታውን ጎትተው አያውጡት፤ በሌላው እጅዎ ደግፈው ጥቂት በጥቂት ያንሱት። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነም መፍታቱ ዋስትናውን ሊያሳጣዎት እንደሚችል አስቀድመው ያስቡበት።

መልስ 2 — ባለ ካሊፐሩ

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ የመቁረጡን ነገር ግን ለብቻው መመለስ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚገምተው የእውነታውን ተቃራኒ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከጥምዞቹ ብዛት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፦ አሥር የሚሠሩ ጥምዞች ካሉት ሞላ ላይ ሁለቱን ቢቆርጡ፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር መጨመቅ የሚጠይቀው ኃይል በ25 በመቶ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሞላው ስላጠረ መሃሉ ላይ የነበረው ቅድመ ጫና (እጀታው ሳይነካ ሞላው ተጨምቆ የሚቆይበት ኃይል) ይላላል፤ ለዚህም ነው በመጀመሪያው ደቂቃ የለዘበ የሚመስለው። ገፋ ሲያደርጉት ግን ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት ይከብዳል። ከልክ በላይ ካጠረ ደግሞ እጀታው መሃሉን ያጣና መወላወል ይጀምራል፤ የተቆረጠ ሞላም ተመልሶ አይቀጠልም።

በእውነት ማለዘብ ከፈለጉ ቁመቱ፣ ስፋቱና የጥምዙ ብዛት ያው የሆነ፣ ሽቦው ብቻ የቀጠነ ሞላ ይፈልጉ። ጥንካሬው ከሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል፦ 1.4 ሚሊሜትር ሽቦ በ1.2 ሲተካ ጥንካሬው ወደ 54 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዓይን ይህን ልዩነት አይለየውም፤ በካሊፐር (ውፍረትን በጥቃቅን ልዩነት በሚለካ መሣሪያ) መለካት ግድ ነው። ምናለሽ ተራ ከተፈቱ የድሮ ፕሪንተሮችና ማሽኖች መሃል ሞላ መፈለግ ይቻላል፤ ሲሄዱ የራስዎን ሞላና ካሊፐርዎን ይዘው ይሂዱ።

መልስ 3 — ቀስተ ደመና

ለአንጓዎ ድካም ሌላው መፍትሔ ሞላውንም ሰበቃውንም የማይነካው፣ የእጀታውን ቁመት መጨመር ነው። ከመዞሪያው እስከ እጅዎ ያለው ርቀት ከ20 ወደ 30 ሴንቲሜትር ቢያድግ እጅዎ የሚያወጣው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ትርፉ ግን ከዚህም ያልፋል፦ አንድ ዲግሪ ለማዘንበል ቀድሞ 3.5 ሚሊሜትር የሚጓዘው እጅ አሁን 5.2 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ፣ በአንድ ቦታ ተንሳፍፎ ለመቆም የሚያስፈልገው ጥቃቅን እርማት ቀላል ይሆናል። በዚህ ጊዜ የጆይስቲኩ ታችኛ ክፍል ከጠረጴዛው ወይም ከወንበሩ ጋር በብሎን መታሰር አለበት፤ ካልታሰረ ከእጀታው ጋር አብሮ ይነሳል።

ወደፊት ሌላ ለመግዛት ካሰቡ፣ ጥንካሬው እንዲስተካከል ሆኖ የተሠራ ይምረጡ። የሎጂቴክ ኤክስ 56 ጆይስቲክ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው አራት ሞላዎች ይዞ ይመጣል፤ ያለ ሞላም ይሠራል። የቪኬቢ ኩባንያ ግላዲዬተር ኤንኤክስቲ ጆይስቲክ ደግሞ ከሚቀየሩት ሞላዎች በተጨማሪ ሰበቃውን ራሱን የሚያጠብቁበትና የሚያላሉበት ክላች አለው። ይህ ለሄሊኮፕተር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በእውነተኛው ሄሊኮፕተር ላይ እጀታው እንደ ጆይስቲክ ሁልጊዜ ወደ መሃል እየተሳበ አብራሪውን አይታገልምና። ሁሉም አብራሪ የላላ እጀታ ይሻል ማለቴ አይደለም። የኤፍ 16 ተዋጊ አውሮፕላን እጀታ በመጀመሪያ ጨርሶ የማይንቀሳቀስና የእጅን ግፊት ብቻ የሚለካ ነበር፤ ኋላ ላይ ለአብራሪዎቹ እንዲመች ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። ለእርስዎ ሄሊኮፕተር ግን ለስላሳው እንደሚሻል አልጠራጠርም።

ደጋማው አብራሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሚዛን ለካሁት፦ ግማሽ መንገድ ላይ ሲሄድ 520 ግራም፣ ሲመለስ 240 ግራም አሳየ። በተሰጠኝ ስሌት መሠረት ሞላው 380፣ ሰበቃው 140 መሆኑ ነው። ፈትቼ ሳየው በመቀመጫው ላይ የነበረው ግራሶ ደርቆ፣ ከፕላስቲኩ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ጠቁሯል። ጠርጌ በስሱ ቀብቼ ገጠምሁትና እንደገና ለካሁት፤ አሁን ሲሄድ 430፣ ሲመለስ 330 ነው። ሞላው እዚያው 380 ላይ ነው፤ ሰበቃው ግን ወደ 50 ወርዷል። ድንገተኛው መዝለል ጠፍቷል፤ ሞላውንም ለጊዜው አልቀይርም። ሄሊኮፕተሩ ግን አሁን እጀታው ወደ ጥግ ሲደርስ ፈጣን ሆነብኝ።

መልስ 4 — መፍቻ በእጄ

ያ ከቀድሞው ቅንብር የመጣ ነው። ተቀናሽ 30 በመቶ ሴንሲቲቪቲ መሃሉን የሚያረጋጋው ከመሃሉ የቀነሰውን ምላሽ ወደ ጥጉ በመግፋት ነው። ወደ ዜሮ ይመልሱትና ይብረሩ፤ መሃሉ አሁንም ከፈጠነብዎት አምስት አምስት በመቶ እየቀነሱ ይሞክሩ። ዴድ ዞኑንም (መሃሉ ላይ እጀታው ቢነቃነቅ ምላሽ የማይሰጠውን ክልል) ይፈትሹ፤ እጀታው በሰበቃው ምክንያት በትክክል መሃል አይመለስ ስለነበር ሰፋ አድርገውት ከሆነ፣ አሁን ወደ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ሊያወርዱት ይችላሉ።