የእድሮች ጥምረት የጋራ መዝገብ ፕሮግራም፦ የገጽታ ማዕቀፉ ምን ይሁን? (የዕቅድ ውይይት)

የጥምረቱ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት የአምስቱ እድሮች የአባላት መዝገብ፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣትና የሐዘን ክፍያ በአንድ የዴስክቶፕ ፕሮግራም እንዲያዝ ለጠቅላላ ጉባኤው የጋራ ሐሳብ ማቅረብ ይጠበቅብናል። ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራው መቆም የለበትም፤ ሌሊት ሐዘን ተነግሮን ጥሩንባ ነፊው ከመውጣቱ በፊት የሟች ቤተሰብ መዝገብ ተከፍቶ መታየት አለበትና። የቀረው ጥያቄ መስኮቶቹንና ቅጾቹን በየትኛው ፍሬምወርክ (የፕሮግራም መስኮቶች በሚገነቡበት ዝግጁ ማዕቀፍ) እንሥራ የሚለው ነው። ከእኛ ልጆች አብዛኞቹ የሚያውቁት የድረ ገጽ ሥራ ስለሆነ በረቂቁ ላይ ኤሌክትሮን (በድረ ገጽ አሠራር የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ) ብዬ ጽፌያለሁ። ረቂቅ ነውና እርሙት።

የኮምፒውተር ሥራ ኮሚቴ አባል፦
ጸሐፊያችን ስለ ጻፉት አመሰግናለሁ፤ ሆኖም ከባለሙያዎቹ ችሎታ በፊት ፕሮግራሙ የሚጫንባቸውን ማሽኖች ብንመለከት መልካም ነው። ቢሮዎቹን ዞሬ እንዳየሁት ሁለቱ ኮምፒውተሮች አሁንም በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የተቀሩት ዊንዶውስ 10 ያላቸውና አብዛኞቹ ከ4 ጊጋባይት ያልበለጠ ማስታወሻ (ራም) የያዙ ናቸው። ኤሌክትሮን እያንዳንዱን ፕሮግራም ከራሱ ሙሉ የክሮሚየም ማሰሻ ጋር አሽጎ የሚያቀርብ በመሆኑ፣ ገንዘብ ያዡ አጠገቡ ሌላ ማሰሻ ከከፈቱ ማሽኑ ሁለት ማሰሻ ተሸከመ ማለት ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 23ኛ ዕትም ጀምሮ በዊንዶውስ 7 ላይ መሥራት አቁሟል። ሌላው ማዕቀፍ ኪዩት 6ም ቢሆን ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

በእነዚያ ሁለት አሮጌ ማሽኖች ላይ ያለ ችግር የሚሠራው በማይክሮሶፍቱ ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8 ላይ በደብሊው ፒ ኤፍ ማዕቀፍ የተጻፈ ፕሮግራም ነበር፤ ነገር ግን ደብሊው ፒ ኤፍ ከዊንዶውስ ውጪ አይሠራም፤ ማይክሮሶፍት እንኳ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ድጋፍ ላቆመለት ሥርዓት ስንል ራሳችንን ለብዙ ዓመት ማሰር አግባብ አይመስለኝም። ስለዚህ ሁለቱ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነጻ ሥርዓት ተጭኖ፣ ማዕቀፉ በዊንዶውስም በሊኑክስም የሚሠራ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ መለኪያ ደብሊው ፒ ኤፍ ይወጣል፤ ኪዩት፣ ጃቫ ኤፍ ኤክስ፣ አቫሎኒያ፣ ፍላተርና ታውሪ ለምርጫ ይቀራሉ።

የአንደኛው እድር ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ስሞቹ አላውቅም፤ ግን ፕሮግራሙን ቀኑን ሙሉ የምከፍተው እኔ ነኝና ሦስት ነገሮች እንዲመዘገቡልኝ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ አጻጻፍ ነው። ከዚህ በፊት አንድ ባለሙያ በሠራልን የሙከራ መስኮት ላይ የአባል ስም ኪማን በተባለው የመተየቢያ ፕሮግራም ስተይብ፣ «ለ» ለማለት ሁለተኛውን ፊደል ስጫን የመጀመሪያው «ል» ሳይጠፋ ይቀርና «ልለ» ይሆን ነበር። በዎርድ ላይ በትክክል የሚጽፍ ቁልፍ ሰሌዳ በዚያ መስኮት ላይ ሲበላሽ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀስ እያልኩ እተይብ ነበር። አሁን የምትመርጡት ማዕቀፍ ሳይገዛና ሳይለመድ በፊት በዚህ ይፈተንልኝ።

ሁለተኛው የቁልፎቹ ስያሜ ነው። በዚያው መስኮት ላይ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ ነበር። እኔ መዝገቡን የሚያጠፋ መስሎኝ ስፈራው ከረምኩ፤ ለካስ ያለ ለውጥ ወደ ኋላ የሚመልስ ኖሯል። የመመለሻው «ተመለስ»፣ የማጥፊያው «መዝገቡን አጥፋ» ተብሎ ቢለይ ማንም አይሳሳትም። ወይም ቁልፉ ለሴትም ለወንድም እንዲሆን «መመለሻ»፣ «ማጥፊያ» ይባል፤ «አስገባ» እያለ እንደ ታናሽ ወንድሙ የሚያዘኝን ፕሮግራም አልወደውም።

ሦስተኛው ደረሰኝ ነው። የእኛ ደረሰኝ በካርቦን ሁለት ቅጂ ስለሚወጣ አሮጌው ባለ ጥብጣብ ማተሚያ መሥራት አለበት።

ወጣት አባል፣ የድረ ገጽ ሠራተኛ፦
የእኅታችንን አስተያየት በአክብሮት ተቀብያለሁ። ለኤሌክትሮን ግን አንድ ነገር ልከራከርለት። ክሮሚየም የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር አብሮት ይዞ ስለሚመጣ፣ ቋንቋውን አማርኛ፣ አቆጣጠሩን ኢትዮጵያዊ ብለን ስናዝዘው ቀኑን ራሱ ቀይሮ «መስከረም 1» ብሎ ያሳያል። ኪዩት ከ5.14 ጀምሮ የሌሎችን ሕዝቦች አቆጣጠር፣ የፋርሱንና የእስልምናውን ጭምር፣ ሲያካትት የእኛን ግን አልጨመረም። በዶት ኔት የአቆጣጠሮች ዝርዝር ውስጥም የለም። ማሽኑ ከበደ ከተባለም ታውሪ አለ፤ እሱ ማሰሻ አይሸከምም፣ በማሽኑ ላይ ያለውን የድረ ገጽ ማሳያ ሞተር፣ በዊንዶውስ ላይ ዌብቪው 2ን፣ በሊኑክስ ላይ ዌብኪትን ይጠቀማል።

የኮምፒውተር ሥራ ኮሚቴ አባል፦
የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ ታውሪንም በቁም ነገር አስቤበታለሁ። ነገር ግን የጠቀስከው አገልግሎት ቀኑን ማሳየት እንጂ መቀበል አይችልም፤ የማሰሻው የቀን መምረጫ ሳጥን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነውና መምረጫውን በየትኛውም መንገድ ራሳችን መሥራታችን አይቀርም። የመቀየሪያው ሒሳብ ራሱ አጭር ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን እንደምትሆን ካስታወሰ የሚበቃ ነው። ለፈተና እንዲሆን ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲጻፍ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2023 መስጠቱ ይታይ። በእድራችን ግን ጳጉሜን መዋጮ የማይሰበሰብባት ወር ስለሆነች፣ የቀን መምረጫው 13 ወር፣ የመዋጮ ሰንጠረዡ 12 ወር ማሳየት ይኖርበታል፤ ይህን የትኛውም የተዘጋጀ መሣሪያ አይሰጠንም። የቀብር ሰዓትም እንደዚሁ ነው፤ 9 ሰዓት ብለን የጻፍነውን 15፡00 ብሎ የሚያሳይ ሳጥን ሰው ያሳስታል።

ታውሪን ያልመረጥኩበት ምክንያት ዌብቪው 2ና ዌብኪት የተለያዩ ሞተሮች በመሆናቸው፣ በዊንዶውስ ያማረው ቅጽ በሊኑክሱ ማሽን ላይ ተለይቶ ሊታይ ስለሚችል ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ እንድንፈትን ስለሚያስገድደን ነው።

እኔ የማቀርበው ኪዩትን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ማለትም ፓይሳይድ 6ን ነው። ከዚያም ውስጥ አዲሱን የገጽታ መጻፊያ ኪው ኤም ኤልን ትተን የቆየውን የዊጄት (የተዘጋጁ ቁልፎች፣ ሳጥኖችና ሰንጠረዦች) ክፍል እንያዝ፤ የግራፊክስ ካርዳቸው ደካማ ለሆኑ ማሽኖች እሱ ይሻላል፤ ቅጽና ሰንጠረዥ ብቻ ለሚበዛበት ሥራችንም ከበቂ በላይ ነው። በአቀማመጥ መሣሪያው ከሠራን «የቤተሰብ አባላት ብዛት» የሚለው ረጅም ጽሑፍ ሳይቆረጥ ቦታው ራሱ ይሰፋል። ፊደሉን በየማሽኑ በተጫነው ላይ ከመተው አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ከፕሮግራሙ ጋር እናሽገው፤ ፈቃዱ ይህን በነጻ ይፈቅዳል፤ ዕድሜያቸው የገፉ ዳኞቻችንም «ጨ»ንና «ጬ»ን ለመለየት መነጽር እንዳያወልቁ መጠኑን ከ14 ነጥብ እንጀምር።

የሁለተኛው እድር ዳኛ፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ተነጋግራችኋል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን የጻፈው ልጅ ነገ ውጭ አገር ቢሄድ ማን ይጠግነዋል? ፕሮግራሙን ለጎረቤት እድር ብንሰጥስ የፈቃድ ገንዘብ የሚጠይቀን አለ?

የኮምፒውተር ሥራ ኮሚቴ አባል፦
የተከበሩ ዳኛችን፣ ፓይተን በየኮሌጁ የሚሰጥ በመሆኑ ተተኪ ማግኘት አይቸግርም፤ ከድረ ገጽ ሥራ የመጣውም ልጅ በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። ስለ ፈቃዱ ግን ስም እንዳንሳሳት አሳስባለሁ። ፓይሳይድ በኤል ጂ ፒ ኤል ነጻ ፈቃድ ስለሚሰጥ የፈቃዱን ጽሑፍ አያይዘን፣ የኪዩትን ክፍሎች መተካት እንዲቻል ክፍት እስከተውን ድረስ ለሌላ እድር ብናድል ክፍያ የለብንም። ስሙ የሚመሳሰለው ፓይኪዩት ግን ወይ በጂ ፒ ኤል (ስናድለው የራሳችንን ኮድ ጭምር በዚያው ፈቃድ እንድንከፍት በሚጠይቅ ፈቃድ) ወይም በክፍያ ነው። በሐሳቡ ላይ ስሙ ሙሉ ሆኖ ይጻፍ።

የጥምረቱ ጸሐፊ፦
ከኤሌክትሮን ተመልሻለሁ። አንቀጹን እንደሚከተለው አስተካክዬዋለሁ፦

«ጥምረቱ የጋራ መዝገቡን ገጽታ በፓይሳይድ 6 የዊጄት ክፍል ያሠራል። በዊንዶውስ 7 የሚሠሩት ሁለት ማሽኖች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ሊኑክስ ሚንት ይዛወራሉ። የቀን መምረጫው፣ የሰዓት አጻጻፉና የቁልፎቹ ስያሜ በጥምረቱ ይዘጋጃል። ሙሉው ሥራ ከመሰጠቱ በፊት አንድ የአባል መመዝገቢያ ቅጽና አንድ ደረሰኝ ብቻ ያለው ናሙና ተሠርቶ፣ በሁለቱም ዓይነት ማሽን ላይ በገንዘብ ያዦች ይፈተናል፤ በፈተናው ካልተሳካ ታውሪ በተለዋጭነት ይታያል።»

ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይግለጽልኝ።

የአንደኛው እድር ገንዘብ ያዥ፦
ተቃውሞ የለኝም። «በገንዘብ ያዦች ይፈተናል» የሚለው ላይ «ኪማንን በመጠቀም 50 የአባላት ስም በመተየብ» የሚል ይጨመርልኝ፤ በሁለትና በሦስት ስም የማይታየው ስሕተት የሚወጣው እጅ ሲፈጥን ነው። ስሞቹን ከአሮጌው መዝገብ እኔ መርጬ አመጣለሁ፤ «ኀይለ»፣ «ኃይለ» እና «ሀይለ» ተብለው የተጻፉትን ሦስቱን አባሎቻችንን ጨምሬ።

የጥምረቱ ጸሐፊ፦
ተጨምሯል።