«ገባችሁ?»ን ስለመተው፦ ለ2018 ዓ.ም. የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ዕቅድ የምናቀርበው ሐሳብ

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከዘንድሮው የ60 ሰዓት ተሙማ ላይ ማኅበራችን አንድ ርዕስ እንዲያቀርብ ተጠይቋል። ባለፈው «የክፍል ውስጥ ጥያቄ አጠያየቅ» ይሁን ብለን ተለያይተናል። ረቂቁ ይኸው፤ ቆራርጡት። ለርዕሰ መምህሩ አርብ ነው የሚገባው።
«እያንዳንዱ መምህር በየክፍለ ጊዜው ቢያንስ አምስት ከፍ ያለ ማሰብ የሚጠይቁ ጥያቄዎችን ያቀርባል።»

የሂሳብ መምህር፦
አምስቱ ይውጣልኝ። ያለን 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጥሪና የቤት ሥራ ማየት ተቀንሶበት ስንት ይቀራል? ቁጥር ከተጻፈብን ቁጥሩን ለመሙላት እንጠይቃለን። አንድ ግን ማታ የታሰበበት ጥያቄ ይሻላል። 9ኛ ክፍል ድረስ ተሸክመውት የሚመጡት ስሕተት አለ፦ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል የሚል፣ 4 ከ3 ስለሚበልጥ። «የቱ ይበልጣል?» ብዬ ብጠይቅ ግማሹ በግምት ይመታዋል። «አንድ ጓደኛችሁ እንዲህ አለ፤ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?» ስል ግን ግምት አያዋጣም።

የባዮሎጂ መምህርት፦
እኔ ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለኝ። ሰሞኑን ስልኬን ቀረጻ ላይ አድርጌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ገባሁ። ማታ ሳዳምጠው አፈርኩ። «ገባችሁ?» እላለሁ፣ «አዎ ቲቸር!» ይላሉ፣ እቀጥላለሁ። ደህና ጥያቄ ስጠይቅ ደግሞ ትንፋሽ ሳልወስድ ራሴው እመልሰዋለሁ። ለካ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ50 ዓመት በፊት በቴፕ የተቀዱ ትምህርቶችን አዳምጣ፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን አግኝታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ሁለተኛ ዝምታም አለ፦ ልጁ መልሶ ሲጨርስ። እኛ «ጎበዝ!» ብለን እንዘጋዋለን፤ ዝም ብንል ራሱ «ምክንያቱም…» ብሎ ይቀጥል ነበር።

የታሪክ መምህር፦
ፕላዝማ፣ ያ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ የገባ ጊዜ ትዝ አለኝ። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ልጆቹ እርሳስ ሳያነሱ መልሱን ይናገራል፤ እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ። በኋላ ፕላዝማው ቀረ፣ ጠባዩ ግን እኛ ላይ ቀረ መሰለኝ።
ደግሞ እንቆቅልሽ ስንጫወት ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር፤ አገር ሳይሰጥ መልሱን አይሰማም። ክፍላችን ውስጥ ግን ዝም ያለ ምንም አይከፍልም። 68 ልጅ ተቀምጦ እጅ የሚያወጡት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ቆርኪ ላይ የስም ተራ ቁጥራቸውን ጽፈን ጣሳ ውስጥ እንጨምርና በዕጣ እናውጣ።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
ጋሼ፣ ዕጣው ላይ ፈራሁ። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው መልሱን ስላላወቀ ሳይሆን በእንግሊዝኛ መናገር ስለሚያሳፍረው ነው። ሰባ ሰው ፊት ቁጥሯ የወጣባት ዓይነ አፋር ልጅ በማግስቱ ትቀራለች። ስለዚህ ጥያቄው ከተነገረ በኋላ መጀመሪያ በአማርኛ ከዴስክ ጓደኛዋ ጋር ትነጋገር፤ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ቆርኪው ይውጣ፣ «እኔና ጓደኛዬ ያሰብነው» ብላ ትጀምር። ማለፍም ይፈቀድላት፤ ግን በኋላ ከተሰጡት መልሶች በየትኛው እንደምትስማማ ትናገር።

የታሪክ መምህር፦
እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ማለፉ አገር መስጠት ነው በይኝ።

የሂሳብ መምህር፦
ጊዜ ለሚያጥረው ቀን ጣት አለ። ምርጫ ያለው ጥያቄ እንሰጥና ሀ አንድ ጣት፣ ለ ሁለት፣ ሐ ሦስት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረቱ ላይ ያሳያል። ምርጫዎቹ ግን ልጆቹ በእውነት የሚሳሳቱባቸው ይሁኑ፤ «ተክል ምግቡን ከአፈር ይመጥጣል» ዓይነት። ሁለት ጣት ከበዛ ስሕተቱ የት እንዳለ ወዲያው ታያለህ።

የባዮሎጂ መምህርት፦
የራሴን ምሳሌ ወሰድክብኝ! ይሁን። አንድ ስጋት ግን አለኝ፦ ሱፐርቫይዘር ገብቶ ዝም ብዬ ቆሜ ቢያገኘኝ «አልተዘጋጀችም» ብሎ ይጽፋል። የምልከታ ቅጹ ላይ «ከጥያቄ በኋላ ጊዜ ይሰጣል» የሚል መስመር ይግባልን። ያለዚያ በመጀመሪያው ምልከታ ሁላችንም ወደ «ገባችሁ?» እንመለሳለን።

ሰብሳቢ፦
ቅጹን መቀየር የእኛ ሥልጣን አይደለም፣ መጠየቅ ግን እንችላለን። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦
«በየክፍለ ጊዜው ቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ዋና ጥያቄ፤ ከጥያቄውም ከመልሱም በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ዝምታ፤ ከዕጣ በፊት በፈለጉት ቋንቋ የጥንድ ውይይት። በወር አንድ ጊዜ ጥንድ መምህራን ክፍል ገብተው ይተያያሉ፤ ነጥብ አይሰጣጡም። የምልከታ ቅጹ ከዚህ ጋር እንዲስማማ ይጠየቃል።»
ተቃውሞ ካለ እስከ ሐሙስ።

የሂሳብ መምህር፦
የለኝም። ቆርኪውን ግን ማን ይሰብስብ? ለስምንት ክፍል ከአምስት መቶ በላይ ነው።

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
ጋሼ ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ግሮሰሪ ይሂዱልን። እኛ በዚህ ቁጥር ቆርኪ ይዘን ከታየን ወሬ ነው።