ጥቆማ፦ ኤስኤስዲ ገጥሞ ባዮሱንም የሚያስተካክል ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። ትናንት ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን ዓይነት ኤስኤስዲ (አዲሱን የፋይል ማስቀመጫ) አስገጠምኩ፤ ሃርድ ዲስኩን ክሎን አድርገው (ያለበትን ሁሉ ወደ አዲሱ ገልብጠው) አወጡልኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» አለኝ፤ ከሥሩ 3ኤፍ0 የሚል ቁጥር አለ። ሱቁ ስደውል «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው እዚያ ላይ ነው። መገናኛ ወይም ቦሌ አካባቢ ማን ጋ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎርማት እንዳታስደርጊ። የወጣውን ሃርድ ዲስክም ማንም እንዳይነካው፤ ጽሑፍሽ አሁንም እሱ ላይ አለ።

3ኤፍ0 ሲል ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ዲስክ አላገኘም ማለት ነው እንጂ ኤስኤስዲው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ስታበሪው ወዲያው ኤፍ10ን ደጋግመሽ ተጫኚ፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ይከፈታል። ኤስኤስዲው እዚያ ስሙ ከታየ ገጠማው ደህና ነው። ቀጥሎ ባዮሱ ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) ላይ ነው ወይስ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ አነሳስ) ላይ? የእኔ ጥርጣሬ እዚህ ጋ ነው። ዊንዶውስሽ ድሮ በሌጋሲ ተጭኖ ከሆነ እንዳለ ወደ ኤንቪኤምኢ ቢገለበጥ በአብዛኛው አይነሳም፤ ኤንቪኤምኢ ዩኢኤፍአይ ይፈልጋል። የዲስኩ አከፋፈል ከድሮው ኤምቢአር ወደ አዲሱ ጂፒቲ ተቀይሮ ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ ይዞራል። ዊንዶውስ 10 ከ1703 ስሪት ጀምሮ ዲስኩን እንዲህ የሚቀይር ኤምቢአርቱጂፒቲ የሚባል መሣሪያ አለው፤ ፋይል አያጠፋም።

ወደ ጥቆማው ስመጣ፣ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ይልቅ ሥራው ጥገና ብቻ የሆነ ቤት ሂጂ። ሻጩ ብዙ ጊዜ የመግጠሚያ አያስከፍልም፤ ግን ብሎኑ ሲጠብቅ ሥራው አለቀ። እኔም አንዱ ሱቅ ዴል ላፕቶፔ ላይ ኤስኤስዲ ሲገጥምልኝ ባዮሱ ላይ ዲስክ የሚነበብበትን መንገድ ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀየረው፤ ዊንዶውሱ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አልነሳ ሲል ፎርማት አደረገው። የሁለት ዓመት የሂሳብ ሰነዴ ጠፋ። መጀመሪያ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) ቢያስነሳው ኖሮ ፎርማት ባላስፈለገው ነበር። በኋላ ያገኘሁት ጠጋኝ ግን ምንም ሳይነካ የባዮሱን ገጾች አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ስለዚህ ዕቃሽን ከመስጠትሽ በፊት «ባዮሱ ላይ ምን ትቀይራለህ?» በይው። መመለስ ካልቻለ ውጪ። ሲጨርስም ፊትሽ ሁለቴ አጥፍቶ ያብራልሽ።

ለሌሎቻችሁ፦ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከሆነ ሳታ የሚባለው ባለ 2.5 ኢንቹ ኤስኤስዲ ይበቃል። በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ኤንቪኤምኢው ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ግን ሳታው በሃርድ ዲስኩ ቦታ ስለሚገባ ባዮሱን ብዙም አያስነካም።

ሌላ መልስ፦ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) ካለሽ ባዮስ ከመነካቱ በፊት ለጊዜው አስቁሚው፣ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥርም ወረቀት ላይ ጻፊው። አለበለዚያ ሲነሳ እሱን ይጠይቅሻል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አየሁት፤ ኤስኤስዲው ስሙ አለ፣ ባዮሱ ሌጋሲ ላይ ነው። ቢትሎከር የለኝም። ነገ ጠዋት ሁለቱንም ዲስክ ይዤ መገናኛ ጥገና ቤት እሄዳለሁ።