ሰው ፊት ለመናገር የሚረዳ ቅጠላ ቅጠል የሞከራችሁ አላችሁ?

የኋላ ወንበር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይቺን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ስሜ በማይታወቅበት ቦታ እንኳን እጄን ያልበኛል፣ እዩት እንግዲህ።

29 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ከቁጥር ጋር ተጣልቼ አላውቅም። የምጣላው ከወር መጨረሻ ጋር ነው፤ የወሩን ሪፖርት አሥራ ሁለት ሰው ፊት ቆሜ የማቀርበው እኔ ነኝና። ሦስት ቀን ሲቀረው እንቅልፍ ይሸሸኛል። ዕለቱ ሲደርስ ልቤ ጉሮሮዬ ሥር ትመታለች፣ አንገቴና ደረቴ ላይ እንደ ካርታ ቀያይ ነገር ይወጣል። ሻርፕ ከአንገቴ የማይለየው ለዚያ ነው፤ ሰው ግን ብርድ የማልችል ይመስለዋል። ወረቀት በእጄ ከያዝኩ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የማነበው። አፌ ክው ብሎ ቢደርቅም ብርጭቆ አላነሳም። ባለፈው ወር አለቃዬ «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» ሲሉኝ የነበረውም ጠፋ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ተቀብላኝ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አፍራለሁ።

የካሞሚል ሻይ ማታ ማታ ሁለት ወር ያህል ጠጥቻለሁ። እንቅልፌን ትንሽ ያረጋጋው መሰለኝ፤ ለቀኑ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም። ቀጥዬ የቫለሪያን እንክብል ሞከርኩ። ጠርሙሱ ሲከፈት ቤቱ በሙሉ የቆየ ካልሲ ይሸታል፣ ጠዋት ደግሞ ጭንቅላቴ እርሳስ የሞላበት ይመስል ይከብደኛል። አሁን ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለውን ቅጠል ገዝቼ ከትናንት ወዲያ ጀምሬያለሁ። ካቫ የሚባለውንም ብዙ ሰው ሲያነሳው አያለሁ።

ስብሰባ ከመግባቴ በፊት ወስጄው ለአንድ ሰዓት ያህል እንደ ሰው የሚያናግረኝ ቅጠል አለ? የሞከራችሁ ንገሩኝ። «በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ምክር ግን ጠግቤዋለሁ።

ዝምታ ወርቅ ነው፦

እኔን የረዳኝ ላቬንደር ነው። የሚሸተተው አይደለም፣ የሚዋጠው። ሲሌክሳን የሚባል የላቬንደር ዘይት ነው፣ 80 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ። ከዕፅዋቱ ሁሉ ለጭንቀት ደህና ጥናት ካላቸው አንዱ ነው፤ ሎራዜፓም ከሚባለው ሐኪም ከሚያዘው የማረጋጊያ ክኒን ጋር ሳይቀር አነጻጽረውታል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ጥናቶቹ በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ ነገር ሲያብሰለስል ለሚውል እንደ እኔ ላለ ሰው ናቸው። ሰው ፊት ሲቆም ብቻ ለሚጨንቀው ይሠራል ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ደግሞም ጠዋት ውጠሽው አራት ሰዓት ላይ የሚደርስልሽ ነገር አይደለም፣ ሳምንታት ይፈልጋል።

ሌላው፣ ያስገሳል። ግሳቱም ሽቶ ሽቶ ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሊፍት ውስጥ አምልጦኝ ሰዎቹ ማን ሽቶ እንደተቀባ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ ጣሪያ ጣሪያ አይ ነበር።

እውነት ተናጋሪ፦

ዓይን አፋርነት ደግሞ መቼ ነው በሽታ የሆነው? ሁላችንም እንፈራ ነበር፣ ስንለምደው ተወን። ቅጠልም ክኒንም አያስፈልግሽም።

መድኃኒት ቤት የምውል፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የወሊድ መከላከያ፣ ደም ማቅጠኛ፣ የድብርት ክኒን፣ ምንም ይሁን ምን ንገሪኝ። ሴንት ጆንስ ዎርት ቅጠል ቢሆንም ጉበት ውስጥ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበዛል። ውጤቱ ምንድን ነው ብትይ፣ የወሊድ መከላከያው ሳትረሺ እየዋጥሽው ሊከሽፍ ይችላል፤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደሙ ሊረጋ ይችላል፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው አካሉ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይወርድበታል። እኔ የምሠራበት ቦታ ሰው ይህን ሁሉ ሳይናገር ይገዛዋል፤ «ቅጠል ነው እኮ» ይለኛል።

ለጠየቅሽው ለራሱ ለሰው ፊት ፍርሃት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ትንሽ ሙከራ አለ። 40 ሰዎች ለ12 ሳምንት ግማሾቹ ሴንት ጆንስ ዎርት፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት አስመሳይ እንክብል ወሰዱ። ልዩነት አልተገኘም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የማህበራዊ ጭንቀት መመሪያ ላይ ሐኪሞች ሴንት ጆንስ ዎርትንም ሆነ ሌላ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የጭንቀት ነገር ለዚህ ችግር እንዳይሰጡ በግልጽ ጽፏል።

ካቫን በተመለከተ፣ የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ሥሩን ጨምቀው ሲጠጡት ኖረዋል፣ ማረጋጋቱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በመገኘታቸው ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ከገበያ አስወጥታው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ 171 ሰዎች የተሳተፉበት የ16 ሳምንት ጥናት ደግሞ ለአጠቃላይ ጭንቀት ከአስመሳዩ እንክብል አልተሻለም ብሏል። ከአልኮል ጋር ፈጽሞ አይሆንም። አሽዋጋንዳ የሚባለው የሕንድ ዕፅም ሊነሳልሽ ይችላል፤ እሱም ጉበት ላይ ጉዳት የታየበት ነው፣ የእንቅርት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ባይነካው ይሻላል።

ካሞሚሉ ከሁሉ የዋህ ነው። ግን የአበባ ብናኝ የሚያስነጥስሽ ከሆነ እሱም አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።

የኋላ ወንበር፦

እናንተ ሰዎች፣ አሁን ደነገጥኩ። ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ሰርትራሊን የሚባል የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ተጀምሮልኛል። ለውጥ ስላላየሁበት ነው ቅጠሉን የደረብኩት። ለሐኪሙ አልነገርኩም፣ ምን ብዬ ልንገረው ብዬ። ካልታዘዘልኝ ነገር አይቆጠርም ብዬ ነበር መሰለኝ።

መድኃኒት ቤት የምውል፦

ሴንት ጆንስ ዎርቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ሰርትራሊኑን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሁለቱም አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈውን ሴሮቶኒን ከፍ ስለሚያደርጉ ሲደራረቡ ሴሮቶኒን ሲንድረም የሚባል ነገር ሊያመጡ ይችላሉ፤ መቅበጥበጥ፣ ኃይለኛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ ይኖረዋል። አየሽ፣ ግማሹ አንቺ ስብሰባ ላይ ከሚሰማሽ ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ «ያው ፍርሃቴ ነው» ብለሽ ልታልፊው ትችያለሽ። ትኩሳት፣ የጡንቻ መገተር ወይም የሐሳብ መምታታት ካየሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ነገ አትበይ። ምንም ባይሰማሽም ላዘዘልሽ ሐኪም ዛሬ ደውለሽ የወሰድሽውን ንገሪው። አይቆጣሽም፣ በየቀኑ የሚሰማው ነገር ነው።

ሦስት ሳምንት ደግሞ ለሰርትራሊን ገና ነው። ለዚህ ችግር እስከ 12 ሳምንት ድረስ ሊያስጠብቅ ይችላል። ይህን ስትጀምሪ ሊነግሩሽ ይገባ ነበር።

ባለ ፔርሙሱ፦

የኋላ ወንበር፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴን የድሮ ማስታወሻ ያነበብኩ መሰለኝ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሺኝ።

እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው። ንድፍ ሠርቼ አሠሪው ፊት ማስረዳት አለብኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከእጄ የማትለይ አንዲት ፔርሙስ ነበረችኝ። ውስጧ ሌመን ባልምና ፓሽን ፍላወር የተቀላቀለ ሻይ አለ። ከስብሰባ አርባ ደቂቃ በፊት አንድ ኩባያ እጠጣለሁ። ሠራልኝ! በእውነት ሠራልኝ። የመጀመሪያውን ስብሰባ ሳልንተባተብ ስጨርስ ፔርሙሷን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ አንድ ኩባያ ሁለት ሆነ። ከዚያ ለስብሰባ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እራት ግብዣ ላይ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ቀጥሎ ለስልክ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ረስቻት አሠሪው በር ላይ ደረስኩ። ውስጥ የሚጠብቁኝ አራት ሰዎች ነበሩ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በሩን ሳላንኳኳ ተመልሼ አሞኛል ብዬ ደወልኩ። አራት ዓመት የጠጣሁት ሻይ ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ፈሪ አድርጎኝ ነበር።

የሄድኩበት የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ ቅጠሉ ጥሩም መጥፎም አልተናገረችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጥሩ የሆኑልህን ስብሰባዎች ማን ነው የተናገራቸው?» ሳላስበው «ፔርሙሷ» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ቤቴ ስገባ አልሳቅኩም። የሚያምር ነገር በሠራሁ ቁጥር ምስጋናው ለሻዩ ይሄዳል፣ ስንተባተብ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሂሳብ ሰው መቼም ከዕዳ አይወጣም፤ አንቺ የሂሳብ ሰው ስለሆንሽ ይገባሻል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ክላርክና ዌልስ የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ይህን ነገር በደንብ አስቀምጠውታል። ሰው ፊት የሚፈራ ሰው መከለያ ያበጃል። መከለያው ለጊዜው ይሸፍነዋል፣ ነገር ግን ያለ መከለያው ምን ይሆን እንደነበር እንዳያውቅ ያደርገዋል። በዚያ ላይ መከለያውን ሲጠብቅ ዓይኑ ሁሉ ወደ ራሱ ይዞራል፤ እጄ ምን ሆነ፣ ፊቴ ምን መሰለ እያለ ፊቱ ያለውን ሰው አያይም። አንቺ ሳታውቂው መከለያዎችሽን ዘርዝረሽልናል፦ ሻርፑ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ወረቀት፣ የማይነሳው ብርጭቆ። የምትፈልጊው ቅጠል አራተኛው ነው።

እኔን ያወጣኝ ምን መሰለሽ? መጀመሪያ ካሜራ ፊት አቁማ የአምስት ደቂቃ ንግግር አስደረገችኝ፣ ያለ ሻይ። ቪዲዮውን ከማየቴ በፊት ከመቶ ስንት ያህል እንደተንቀጠቀጥኩ እንድጽፍ ነገረችኝ፣ 90 ጻፍኩ። ከዚያ አየሁት። አንድ ትንሽ የሚቸኩል፣ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግብ ሰውዬ። እጁን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቼ 20 ሰጠሁት።

ቀጥሎ የመጣው ግን ከባድ ነበር። ካፌ ገብቼ የሞላ ብርጭቆ አንስቼ ሆን ብዬ እጄ እንዲንቀጠቀጥ እንዳደርግና ማን እንደሚያየኝ እንድቆጥር ታዘዝኩ። መቁጠር የሚቻለው ደግሞ ቀና ሲባል ነው፤ ተንኮሏ እዚያ ላይ ነበር። ውኃው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለት ሰው አየኝ፣ አንዱ ወደ ስልኩ ተመለሰ፣ ሌላዋ የጨርቁን አቅጣጫ በአገጯ አሳየችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር አራት ዓመት የሸሸሁት። ይህ ሁሉ 14 ቀጠሮ ፈጅቷል፣ በየመካከሉም አቋርጬ ልጠፋ የነበርኩባቸው ሳምንታት አሉ፤ ቀላል ነው እያልኩሽ አይደለም።

ሻዩን አሁንም እጠጣለሁ፣ ጣዕሙን እወደዋለሁ። ማታ፣ ከሰው ከተለየሁ በኋላ ነው ግን።

ለእውነት ተናጋሪ፦ ዓይን አፋርነት በሽታ አይደለም፣ ልክ ነህ። ሰው ከሥራው፣ ከጓደኛው፣ ከስልኩ ሲያስቀረው ግን ስሙ ሌላ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የሕመም መለያ መመሪያቸው ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 አስገብተውታል። «ስንለምደው ተወን» ያልከው ራሱ ሕክምናው ነው እኮ። ልዩነቱ አንዳንዱ ብቻውን ይለምደዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ እኔ በየጊዜው በር ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ዝምታ ወርቅ ነው፦

ባለ ፔርሙሱ፣ እኔም አሁን ስለ ላቬንደሬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ጉድ ሠራኸኝ። የኋላ ወንበር፣ የስብሰባው ቀን ቡና ስንት ትጠጫለሽ? እኔ እንቅልፍ ያጣሁ ዕለት ሦስት እደግም ነበር፣ የልቤን ምት ግማሹን የማመጣው ራሴ ነበርኩ።

የኋላ ወንበር፦

አራት። አትሳቁ።

መልስ ለመስጠት የቆየሁት ወሩ እስኪያልቅ ነው። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ አልተቆጣኝም። ቅጠሉን አቁሜ በሰርትራሊኑ እንድቀጥል ነገረኝና ባለ ፔርሙሱ የገለጸውን ዓይነት ሕክምና ወደምትሰጥ ባለሙያ ላከኝ፣ ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ግን አንዷን ብቻ ልሞክር ብዬ ብርጭቆዋን መረጥኩ። ቡናውንም አንድ አደረግኩት።

ሪፖርቱ መሐል ላይ አፌ ደረቀ፣ ብርጭቆውን አነሳሁ። ተንቀጠቀጠ። ገጽ አራት ላይ ጠብታ ወድቆ የትራንስፖርት ወጪው ቀለም ተዘረጋ። ቀና ብዬ ለመቁጠር ሞከርኩ፤ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ጠፋብኝ፣ ሰባቱም የራሳቸውን ወረቀት ነበር የሚያዩት። አለቃዬ «የትራንስፖርቱ ስንት ነው ያልሽው?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ያቺ ባለፈው የጨረሰችልኝ ልጅ ሶፍት ገፋ አደረገችልኝ፣ ዓይኗንም አየኋት።

ሻርፑን ግን አላወለቅኩም። እሱ ለሚቀጥለው ወር ይቆየኝ።