የተቆላ ቡና ወደ ጀርመን፦ ለባዶው ከረጢት የሚከፍለው ማን ነው?

ቡና ቆይዋ፣ ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጅማ መርካቶ አጠገብ አነስተኛ የቡና መቁያ አለን። ከጎማና ከሊሙ ገበሬዎች ገዝተን እንቆላለን፣ በ250 ግራም ከረጢት አሽገን እንሸጣለን። እስካሁን ገበያችን እዚሁ ከተማና አዲስ አበባ ነበር። አሁን ሐምቡርግ ያለ አንድ የካፌ ባለቤት በወር 40 ኪሎ ልውሰድ ብሎናል። ከእርሱ ሌላ በድረ ገጻችን አዝዘው በፖስታ እንድንልክላቸው የሚጠይቁን ጀርመን የሚኖሩ ሰዎች አሉ።

የላኪነት ፈቃዱን፣ የጥራት ምርመራውንና የባንኩን ጉዳይ አውቀዋለሁ። ያስቸገረኝ የካፌው ባለቤት ሰሞኑን የላከልኝ ደብዳቤ ነው። ስለ ቡናው አንዲት ቃል የለበትም። የሚጠይቀው ስለ ከረጢቱ ብቻ ነው፤ ከምን ተሠራ፣ ባዶው ስንት ይመዝናል፣ የተስማሚነት መግለጫ አለው ወይ፣ በጀርመን የማሸጊያ መዝገብ ላይ ቁጥር አላችሁ ወይ ይላል። ከረጢቱን የሚያትምልን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ደውዬ ብጠይቅ «ለምግብ የሚሆን ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ተብዬ ስልኩ ተዘጋብኝ። ከረጢቱ ላይ የእኛ ስምና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥዕል ታትሞበታል፤ ውስጡ ብርማ ነው፣ ፊቱ ላይ አየር ማስወጫ አለው።

ለበዓል ደግሞ ከረጢቱን በእጅ በተሰፋ ሙዳይ ውስጥ አድርገን በስጦታ መልክ እንሸጣለን። እርሱም ይቆጠራል? ለመሆኑ የዚህ ሁሉ ከፋይ እኔ ነኝ ወይስ ገዢው?

የኮቺ ልጅ፣ ፍራንክፈርት

እህቴ፣ ወዓለይኩም ሰላም። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። አሁን ፍራንክፈርት ውስጥ የአገር ቤት በርበሬና ሽሮ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ስለዚህ ጣጣውን አውቀዋለሁ።

የካፌው ሰው ሁለት ጉዳዮችን በአንድ ደብዳቤ ጠቅልሎ ነው የጠየቀሽ። አንደኛው ከረጢቱ ከተጣለ በኋላ ለሚሰበስበውና ለሚለየው ማን ይክፈል የሚል ነው። ሁለተኛው ከረጢቱ ራሱ ደንቡን ያሟላል ብሎ ማን ይፈርም የሚል ነው። ከፋዩና ፈራሚው አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ።

በክፍያው በኩል የጀርመን ሕግ የሚያየው ዕቃው ድንበር ሲሻገር ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደነበረ ነው። ካፌው ኢትዮጵያ ውስጥ ተረክቦ በራሱ ስም ጉምሩክ አስፈጽሞ ካስገባው አስመጪው እርሱ ነው፤ ምዝገባውም ክፍያውም የእርሱ ይሆናል። «ሁሉንም ወጪ ችዬ በርህ ድረስ አደርሳለሁ» ብለሽ ከተዋዋልሽ ግን ዕዳው ወደ አንቺ ይዞራል። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የርክክቡን አንቀጽ አስተካክሉ። በድረ ገጽ ለግለሰብ የሚላከው ላይ ክርክር የለም። ቤቱ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው አስመጪ ተብሎ አይመዘገብም፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፣ ያውም ከመጀመሪያዋ ከረጢት ጀምሮ። ጀርመን ለትንሽ ነጋዴ ብላ የተወችው መነሻ መጠን የለም።

መዝገቡ ሉሲድ ይባላል፤ የሚያስተዳድረው ተቋም ኦስናብሩክ ከተማ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፣ በእንግሊዝኛም ይሠራል፣ ገንዘብ አይከፈልበትም። «እኔ በስምሽ ልመዝገብልሽ» የሚል ደላላ ቢመጣ አሰናብቺው፤ ሕጉ ምዝገባውን ባለቤቱ ራሱ እንዲፈጽም ነው የሚያዘው። ገንዘብ የምትከፍይው ቀጥሎ ነው፤ ማሸጊያ ከየቤቱ ከሚሰበስቡት ኩባንያዎች ከአንዱ ጋር ውል ትገቢያለሽ። ብዙ ስለሆኑ ዋጋ አወዳድሪ። ሒሳቡ በክብደትና በዓይነት ነው። ለኩባንያው ያሳወቅሽውን ኪሎ ሉሲድ ላይም ሳታዛንፊ ሙዪ፤ ሁለቱን ያስተያዩታል።

ኪሎው ስንት ነው? የእኔ የበርበሬ ከረጢት ባዶው 11 ግራም ነው፤ የአንቺም ከዚያ ብዙ አይርቅም። 40 ኪሎ ቡና 160 ከረጢት ይሆናል፣ በወር 1,760 ግራም፣ በዓመት 21 ኪሎ ግድም። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚጻፈው ለ21 ኪሎ ከረጢት ነው እንግዲህ! በፖስታ ሰው ቤት የሚደርሰው ካርቶን፣ መሙያ ወረቀቱና ማሸጊያ ፕላስተሩም አብረው ይመዘናሉ፤ እኔ ዘንድ ካርቶኑ ከከረጢቶቹ ይበልጣል። ደግሞስ ለካፌ በ250 ግራም ማሸግ ምን ይባላል? የኪሎ ከረጢት አሠሪለት፣ የፕላስቲኩ ክብደት ግማሽ ያህል ይወርዳል።

ሳይመዘገቡ መሸጥ እስከ 100,000 ዩሮ፣ ያለ ሰብሳቢ ኩባንያ ውል መሸጥ እስከ 200,000 ዩሮ ያስቀጣል። የተመዘገበው ሰው ስም ለሁሉም ይታያል፤ ተፎካካሪ ስምሽን ፈልጎ ካጣው ይጠቁማል።

ከጥያቄሽ ውጭ ቢሆንም ልናገረው፤ ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አለ። ከከረጢቱ ክፍያ ይልቅ ኪስ የሚነካው እርሱ ነው፤ ዋጋ ስታወጪ አስቢበት።

ጥሬ ቡና ላኪ፣ ጅማ

ልጄ፣ እኔ የምልከው ጥሬ ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ነው። ጅቡቲ መርከብ ላይ አስረክቤ እጄን እሰበስባለሁ። ጆንያውም ማሸጊያ ነው፣ ተጠያቂው ግን ገዢዬ ነው። እርሱም የጆንያውን ክብደትና የውስጡን ላስቲክ ዓይነት ጻፍልኝ ይላል፣ እጽፍለታለሁ፣ አለቀ። ይህን የእርሻ ቦታ መጠቆሚያ ነጥብ ከሚጠይቀው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ጋር እንዳታምታቺው፤ ያ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስብሽም ካፌውን አስመጪ አድርጊው።

ማሸጊያ አስተማሪ፣ ጅማ

የኮቺው ወንድማችን ፊርማውን ሳይነካው አልፏል። አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ፣ ቁጥር 2025/40፣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጸንቷል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ደግሞ ከነሐሴ 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 12 ቀን 2026። የቀድሞው መመሪያ ስለነበር እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ያወጣው ነበር፤ ይህኛው በሁሉም አባል አገሮች በቀጥታ ይሠራል።

አንቺን በቀጥታ የሚመለከት አንቀጽ አለው። ከረጢቱን ያተመው ማንም ይሁን ማን፣ በራስሽ ስምና ምልክት ካሠራሽው በደንቡ ዓይን አምራቹ አንቺ ነሽ። የተስማሚነት መግለጫውን የምትፈርሚው አንቺ ስለሆንሽ «ለምግብ የሚሆን ነው» የሚል መልስ አያድንሽም። አታሚውን በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ ጠይቂው፤ የንብርብሮቹን ዓይነትና ውፍረት፣ የቀለሙንና የሙጫውን ማንነት፣ የቤተ ሙከራ ውጤቱንም ጭምር። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪና ባለስድስት ክሮሚየም ተደምረው በኪሎ ግራም ከ100 ሚሊ ግራም መብለጥ የለባቸውም። ምግብ በሚነካ ማሸጊያ ላይ ደግሞ ፒፋስ የሚባሉት ዘይትና ውኃ የሚመልሱ ኬሚካሎች ገደብ ተደርጎባቸዋል። አታሚው ፊልሙን በጥቅል ገዝቶ የሚሠራ ከሆነ ወረቀቱ ያለው ጥቅሉን ያመረተው ፋብሪካ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ያስመጣልሽ።

ብርማውን ነገር ራስሽ መለየት ትችያለሽ። ባዶውን ከረጢት ከመብራት ፊት ለፊት ያዢው። ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ካለፈ በጣም ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ያለው ፕላስቲክ ነው። ምንም ካላሳለፈ፣ ስትጨብጪውም እንደተጨማደደ ከቀረ እውነተኛ የአሉሚኒየም ወረቀት በፕላስቲክ መካከል ተጣብቆበታል። ይህኛው ቡናን ከአየር በመጠበቅ ወደር የለውም፤ ንብርብሮቹን ለያይቶ እንደገና ለማምረት ግን አስቸጋሪ ነው። ደንቡ በፈረንጆቹ ከ2030 ጀምሮ ማሸጊያ ሁሉ እንደገና ለምርት የሚውል እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ አዲስ ሕትመት ከማዘዝሽ በፊት ከነአየር ማስወጫው ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ናሙና አስመጪ፤ ቡናው ስንት ወር መዓዛውን ይዞ እንደሚቆይም ራስሽ ፈትኚው። እኔ የአሁኑን ከረጢት ብዙ ሺህ አሳትሜ አላከማችም።

ሙዳዩን በተመለከተ፣ ቡናው ከነሙዳዩ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ እንደ ማሸጊያ ብታስመዘግቢው ይሻላል። ጌጥ ነው ብሎ መከራከር ለጥቂት ግራም አይገባም።

ተመልካች

ይገርማል! ቡናውን እኛ እናምርት፣ ገንዘቡን እነርሱ ይብሉ፣ የቆሻሻቸውንም መጥረጊያ እኛው እንክፈል? ይህ ትንሹን ነጋዴ ከገበያ የማስወጫ ዘዴ ነው። ሌላ ስም የለውም።

የኮቺ ልጅ፣ ፍራንክፈርት

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞላው ተሳድቤያለሁ። ነገር ግን እዚሁ ሐምቡርግ የሚቆላው ጀርመናዊም ለከረጢቱ ይከፍላል። ያልከው እውነት የሚሆነው በወረቀቱ ላይ ነው። ትልቁ ኩባንያ ለዚህ ሥራ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ እህታችን ግን ቡና ቆልታ ስትጨርስ ማታ ቁጭ ብላ ነው የምትሞላው። እንዲያም ሆኖ እኛም አገር በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል፤ የማሸጊያ ነገር የፈረንጅ ጣጣ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቡና ቆይዋ፣ ጅማ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ይዤ ለካፌው ጻፍሁለት፤ አዲስ አበባ ላይ ተረክቦ አስመጪው እርሱ እንዲሆን ተስማምቷል፣ የኪሎ ከረጢቱንም ወዶታል። ከረጢቴ 13 ግራም ነው፤ መብራት ላይ ስይዘው ጭል የሚል ብርሃን የለም፣ ስጨብጠውም እንደተጨማደደ ቀረ። ለአታሚው በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ድረ ገጹ ላይ ሉሲድ እስክመዘገብ ድረስ የጀርመንን ትእዛዝ ዘግቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቪየና ያለች ደንበኛ አለችኝ፣ ፓሪስ ደግሞ የወንድሜ ጓደኞች አሉ። የጀርመኑ ቁጥር ለእነርሱም ይሠራል?

የኮቺ ልጅ፣ ፍራንክፈርት

አይሠራም። ደንቡ አንድ ቢሆንም መዝገቡ በየአገሩ ነው። ኦስትሪያ በፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ ከውጭ አገር በቀጥታ ለሸማች የሚሸጥ ሁሉ በዚያው አገር የተቀመጠ ወኪል እንዲሾም ታስገድዳለች፤ የውክልናው ወረቀትም በኖተሪ የተረጋገጠ መሆን አለበት። ፈረንሳይ የራሷ መለያ ቁጥር አላት፣ ከረጢቱም ላይ ትሪማን የሚባለውን፣ ቆሻሻው ተለይቶ እንዲጣል የሚያመለክተውን ምልክት ትፈልጋለች። ለአንዲት ደንበኛ ወኪል ቀጥረሽ አትዘልቂውም። የቪየናዋን ይቅርታ ጠይቂያት፤ የፓሪሶቹ በብዛት የሚፈልጉ ከሆነ እዚያው ሱቅ ያለው ሰው አስመጪ ሆኖ ይውሰድላቸው።