ወደ በረዶው ለመመለስ፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ ያደረግነው ውይይት

ጸሐፊ (ሰኞ)

ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት ኢትዮጵያ ወደ ክረምት ኦሊምፒክ እንድትመለስ ለብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ መነሻ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የውድድር ደንቦቹ በዚያ ስለሚጻፉ እንዳይምታታብን ነው።

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው ሁለት ጊዜ ነው፤ በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር። ሁለቱንም ጊዜ ባንዲራውን የያዘውም የተወዳደረውም አንድ ሰው ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም። ቱሪን ላይ 15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ በክላሲክ ስልት (ሁለቱ ስኪዎች በትይዩ ወደ ፊት በሚሄዱበት)፣ ቫንኩቨር ላይ ያንኑ ርቀት በነፃ ስልት (ስኪዎቹን ወደ ጎን እየገፉ በሚንሸራተቱበት) ሄዶ ጨርሷል። የስኪ ፌዴሬሽኑንም ያቋቋመው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በሶቺም፣ በፒዮንግቻንግም፣ በቤይጂንግም የለንም።

የረቂቁ ዋና ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በ2030 በፈረንሳይ አልፕስ በሚደረገው ኦሊምፒክ አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲኖሩን፣ ከረጅም ርቀት ሯጮቻችን መካከል ሁለት ተመርጠው ለአንድ የበረዶ ወቅት ወደ አውሮፓ ይላኩ።» አስተያየታችሁን እስከ እሑድ እጠብቃለሁ።

ከኖርዌይ የሚጽፈው አባል (ሰኞ ማታ)

ስለ ድካምህ አመሰግናለሁ ወንድሜ። «ለአንድ የበረዶ ወቅት» የሚለው ግን ይውጣ።

ምክንያቴን በዓይኔ ባየሁት ልንገራችሁ። አምና አንድ ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጣ። ዐሥር ኪሎ ሜትር ከ30 ደቂቃ በታች የሚሮጥ ልጅ ነው። ስኪ አጠለቅኩለት፣ ምርኩዞቹን አስያዝኩት፣ መንገዱ ላይ አቆምኩት። ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ አምስት ጊዜ ወደቀ። ሰውነቱ የለመደው መሬቱን ረግጦ መነሳት ነው፤ እዚያ ደግሞ በአንድ እግር ላይ ሙሉ ክብደትህን ጥለህ፣ ምንም ሳታደርግ፣ እየተንሸራተትክ መቆየት አለብህ። እሱ ያችን ቅጽበት አላመናትም። ስኪው ገና ሲንሸራተት ሌላውን እግር ይጥላል። በዚህ መሀል ዕድሜያቸው ሰባ የሚሆን ሴትዮ ዳገቱን ቀስ ብለው ወጥተው አልፈውን ሄዱ። ልጁ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም ነበር፤ ልቡም ሳንባውም የቀረውን ሥራ እየጠበቁ ነበር። ያጣው ክህሎቱን ነው፤ ክህሎት ደግሞ በአንድ ወቅት አይገባም። ክንዱም እንደዚሁ ነው። በምርኩዝ መግፋት የላይኛው አካል ከባድ ሥራ ነው፤ ሯጭ ያንን ጡንቻ አላሳደገውም።

አሰልጣኟ (ማክሰኞ)

በክህሎቱ እስማማለሁ፤ ሯጮችን ግን ከረቂቁ አታስወጡብኝ። ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። በ1996 ወደ ፊንላንድ ሄዶ ስኪ ጀመረ፤ በ1998 ናጋኖ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። የመጨረሻ ሆኖ በ92ኛነት ሲገባ፣ አሸናፊው ብዮርን ዴህሊ ቆሞ ጠበቀውና አቀፈው። ሰዉ የሚያስታውሰው ያንን መተቃቀፍ ነው። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ቦይት በ2002ም ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ አለ፣ በ2006ም ቱሪን ላይ ከሮቤል ጋር አንድ ውድድር ውስጥ አለ። ሰውየው ቀጠለ። ሯጭ ትዕግሥት የለውም ያላችሁ ማን ነው?

ሌላም ነገር አለ። የዓለም አቀፉ ስኪ ፌዴሬሽን ደንብ የአገር አቋራጭ መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይላል። እኛ ልጆቻችንን የምናሠለጥነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሌላው ቡድን ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ነገር ነው፤ ረቂቁ ውስጥ ይግባልኝ።

ከኖርዌይ የሚጽፈው አባል (ማክሰኞ)

እኅቴ፣ ትዕግሥት የላቸውም አላልኩም፤ ጊዜ እንስጣቸው ነው የምለው። ከፍታውም ይግባ።

ቦይትን ስላነሳሽ ቁጥሩን እንየው፤ ረቂቃችን የሚወድቀው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ነውና። ዴህሊ የገባው በ27 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው፣ ቦይት በ47 ደቂቃ ከ25። ወደ ኦሊምፒክ ለመግባት የሚታየው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ነጥብ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ያንተን ሰዓት ለአሸናፊው ሰዓት ታካፍላለህ፣ አንድ ትቀንሳለህ፣ የቀረውን በ800 ታባዛለህ (ተራ በተራ ለሚለቀቁበት ውድድር ነው፤ በጅምላ ለሚነሱበት 1,400 ነው)። ነጥቡ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። በዚህ ስሌት ቦይት ናጋኖ ላይ ወደ 584 ነጥብ ይሆንበታል። ለፒዮንግቻንግ 2018 የነበረው መግቢያ ግን በአምስት ውድድር አማካይ ከ300 ያልበለጠ ነው። አሸናፊው 40 ደቂቃ የፈጀበትን መንገድ በ52 ደቂቃ የጨረሰ ሰው 240 አለው፤ በዚያ ላይ ጠንካራ ተወዳዳሪዎች በማይበዙባቸው አነስተኛ ውድድሮች ነጥቡ ላይ የሚደመር ጭማሪ አለ።

እንግዲህ የእኛ ሥራ ይህ ነው፦ ከጥሩ ስኪተኛ ከሠላሳ በመቶ በላይ ሳይርቁ አምስት ጊዜ መጨረስ። ለ2030 የሚወጣው ደንብ ቁጥሩን ሊያጠብቀው ስለሚችል እኛ በራሳችን ከዚያ ዝቅ ያለ ግብ ብንይዝ ይሻላል።

ጸሐፊ (ማክሰኞ ማታ)

የቶንጋውን ፒታ ታውፋቶፉዋን ምን ትለዋለህ? ሪዮ ላይ በቴኳንዶ የተወዳደረ ሰው ነው። ስኪ እጀምራለሁ ካለ ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ፒዮንግቻንግ ገባ። አብዛኛውን ውድድር ያደረገው በባለ ጎማ ስኪ አስፋልት ላይ ነው፤ በበረዶ ላይ የመጨረሻውን ዕድል ያገኘው አይስላንድ፣ ኢሳፊዮርዱር ከተማ ላይ ነው። 15 ኪሎ ሜትሩን 114ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይቻላል ማለት ነው።

ከኖርዌይ የሚጽፈው አባል (ረቡዕ)

አንድ ሰው መግባት ይችላል። ሮቤልም ገብቷል፣ ሁለት ጊዜ። ከሮቤል በኋላ ማን ገባ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሥልጠናው፣ ፌዴሬሽኑ፣ ጉዞው፣ ባንዲራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር፤ እሱ ውድድር ሲያቆም ሁሉም አብሮ ቆመ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሐሳባችን «ሁለት ሰው እንላክ» ብቻ ከሆነ በ2034 ሌላ ማኅበር ይህንኑ ረቂቅ ከመጀመሪያው ይጽፈዋል።

የጃማይካ ቦብስሌድ (በበረዶ ቦይ ቁልቁል የሚነዳ ተንሸራታች) ቡድን በ1988 ካልጋሪ ላይ ተገልብጦ በእግሩ ወጣ። በ1994 ሊልሃመር ላይ በአራት ሰው ቦብስሌድ 14ኛ ሆነ። በመሀል ያለውን ስድስት ዓመት ነው መግዛት ያለብን።

ገንዘብ ያዥ (ረቡዕ)

መግዛት ካላችሁ እኔም ልናገር። ገንዘቡ የሚያልቀው ባልጠበቃችሁት ቦታ ነው። አንድ ተወዳዳሪ አንድ ጥንድ ስኪ አይበቃውም፤ ለክላሲክ ሌላ፣ ለነፃ ስልት ሌላ፣ ለደረቅ ብርድና ለሚቀልጥ በረዶ ደግሞ ሌላ ነው። እንዲንሸራተት የስኪው ሥር የሚቀባውን ሰምም ማንም እየተነሳ አይቀባውም። ባለፈው ዓመት አንድ የአካባቢ ውድድር ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ነበር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ አንድ ሰው የበረዶውን ሙቀት እየለካ፣ በካውያ ሰም እያቀለጠ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየቀባ ዐሥራ ሁለት ጥንድ ሲያዘጋጅ አየሁ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሁለቱን ይዞ ወጥቶ እየተንሸራተተ ፈተናቸው፤ ተመልሶ መጣና ሁሉንም ፋቃቸው። ሌሊት የቀባው ሰም ጧት አልያዘለትም።

ስለዚህ በበጀቱ መጀመሪያ የሚጻፈው አሰልጣኝና ሰም የሚያውቅ ሰው ይሁን። የመክፈቻ ቱታና የልዑካን ትኬት መጨረሻ ላይ ይሁኑ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የድጎማ ክፍል የሆነው ኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ ለተወዳዳሪዎች የሥልጠና ድጎማ ይሰጣል፤ የሚጠየቀው ግን በብሔራዊ ኮሚቴው በኩል ነው። ከእነሱ የምንለምነው ገንዘብ ሳይሆን ማመልከቻውን በወቅቱ እንዲያስገቡልን መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ከካናዳ የምትጽፈው አባል (ሐሙስ)

ሁላችሁም ስለ ሯጭ ታወራላችሁ። የእኔ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስኪ ላይ ናት፤ ትምህርት ቤቷን ወክላ ትወዳደራለች። ኤርትራን ወክሎ በ2018ና በ2022 በአልፓይን (የቁልቁለት) ስኪ የተወዳደረው ሻነን አበዳ እዚሁ ካናዳ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እሱን ካየች ጀምሮ «እኔስ?» ትለኛለች፤ ምን ልበላት?

የምፈራው ወረቀቱን ነው። አገራችን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ፓስፖርት አይደለም፣ በፓስፖርት ካልሆነ ደግሞ ለአገር መወዳደር የለም። በ2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ፣ ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቼ ኢትዮጵያዊነቴን ይዤ እቀጥላለሁ ብሎ ካላመለከተ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ልጄ በሚቀጥለው ዓመት 18 ይሞላታል። ያደገችበትን አገር ፓስፖርት ለአንድ ውድድር ጣይ እንዳልላት እናቷ ነኝ፤ ሳታውቀው በሩ ይዘጋባት እንዳልል ደግሞ ያው እናቷ ነኝ። ቢያንስ ኮሚቴው እነዚህን ልጆች ቀድሞ እንዲያውቃቸውና ሕጉን በጊዜ እንዲያስረዳቸው ረቂቁ ይጠይቅልኝ።

አሰልጣኟ (ሐሙስ ማታ)

እኅቴ፣ ልክ ነሽ፤ ይህንን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር። ልጅሽ ባትወዳደርልን እንኳ ሯጮቻችንን ልታስተምር ትችላለች፤ ለዚህ ፓስፖርት አያስፈልግም።

ሰብሳቢ (ዓርብ)

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ የማክለው አጭር ነው። በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሳተፍ ሜዳሊያ አላገኘንም፤ በአራት ዓመቱ ሮም ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ በመግቢያው ላይ ቢጻፍ ኮሚቴው በሌላ ዓይን ያየናል።

ከኖርዌይ የሚጽፈው አባል (ዓርብ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። አበበን ከጻፍን ሜዳሊያ ቃል የገባን ይመስላል። ከዚያ ልጆቹ 90ኛ ሲወጡ እንደ ውርደት ይቆጠርባቸዋል። ሜልቦርንን ብቻ እንጻፍ፤ ሮምን አንባቢው ራሱ ይጨምረዋል።

ሰብሳቢ (ዓርብ)

ተቀብያለሁ። ሜልቦርን ይበቃል።

ጸሐፊ (እሑድ)

በውይይታችን መሠረት የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን የሚጠይቀው የአራት ዓመት መርሐ ግብር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ወጣቶች፣ ግማሾቹ ከሯጮች፣ ግማሾቹ ውጭ አገር ስኪ ላይ ካደጉ ልጆች፣ በባለ ጎማ ስኪ አገር ቤት ይሠልጥኑ። ይህ የሚጀመረው ሰሜኖቹም በረዶ አጥተው አስፋልት ላይ በሚሠለጥኑበት በእኛ ክረምት ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ነጥብ በሚያዝባቸው ቢያንስ ስድስት ውድድሮች ላይ ይሳተፉ። በ2028 በጣሊያን ለሚደረገው የወጣቶች ክረምት ኦሊምፒክ ዕድሜያቸው የሚፈቅደው ይታዩ። ለ2030 ሁለት ተወዳዳሪ የሚመረጠው በነጥብ ብቻ ነው። ከስምንቱ መካከል ሁለቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአሰልጣኝነትና በሰም ሥራ ይሠልጥኑ፤ ተወዳዳሪዎቹ ሲያቆሙ እነሱ ይቀጥላሉ።»

የዜግነቱ ጥያቄ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል፤ የሕግ ባለሙያ አባላችን ቃላቱን እስከ ረቡዕ ያዩልናል። ከፍታውም ገብቷል። አንድ ነገር አልተቋጨም፤ ገንዘብ ያዣችን ስምንቱ ይብዛሉ፣ በአምስት እንጀምር ይላሉ። እኔ በበኩሌ ስምንት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ሦስቱ ቢተዉን እንኳ አምስት ይቀሩናል። ድምፃችሁን ስጡበት። የሮቤልን አድራሻ የምታውቁ ደግሞ ረቂቁ ከመላኩ በፊት እንዲያነብልን በማኅበሩ ስም ጠይቁልኝ።