ናይስ 19 ሰጥቼው እንኳ ኮምፒውተሩን ያነቀው የሠርግ ቪዲዮ

የሽምብጧ ጸሐፊ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሬ አንድ ብቻ ነው፤ ባለ አራት ኮር፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው የድሮው ዓይነት። ደንበኞች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ስላማረረኝ ሊኑክስ ጫንኩበት። ቀን ቀን ማመልከቻ እጽፍበታለሁ። ወንድሜ ደግሞ ሠርግ ይቀርጻል፤ ከካሜራው ካርድ ላይ 60 ጊጋባይት ያህል ይገለብጥና ቪዲዮውን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ያሳንሳል፤ ይህ ሁሉ እኔ እየሠራሁ ከጀርባ የሚካሄድ ነው። ወሩ ጥር መሆኑን አስቡልኝ፤ ሠርግ የሌለበት ቅዳሜና እሑድ የለም።

የወንድሜ ሥራ ሁሉ በናይስ 19 እንዲሄድ አድርጌያለሁ፤ ናይስ አንድ ፕሮግራም የፕሮሰሰር ተራውን ለሌሎች እንዲለቅ የሚያደርግ ቁጥር ነው። የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ እርሱ ነው ብለውኛልና ከዚህ በላይ ምን ላዋርደው? ትናንት ግን ከዘጌ የመጡ አንድ አባት የመሬት ማመልከቻ አስጽፈው፣ «አትም» የሚለውን ስጫን ማያው ደረቀ። የመዳፊቷ ቀስት እንኳ አልነቃነቅ አለች። አባባ በመስኮት ወደ ጣና እያዩ «ልጄ፣ ጀልባው ይሄድብኛል» ይላሉ። ወረቀቱ ሲወጣ ጀልባው ሄዷል። ማታ ይሠራ እንዳትሉኝ፤ ማታ መብራት ይጠፋል፤ ባለፈው ሳምንት ስድስት ሰዓት የለፋበት ፋይል ሳይከፈት ቀርቷል። ናይስ የማይሠራው ለምንድን ነው?

ባለ ታንኳ

እህቴ፣ ናይስ ይሠራል፤ ነገር ግን ከማን ጋር እየተወዳደረ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የፕሮሰሰሩን ጊዜ የሚያከፋፍለው የሊኑክስ መርሐ ግብር አውጪ ለእያንዳንዱ ሂደት (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) ክብደት ይሰጣል፤ ናይስ 0 የሆነው 1024፣ ናይስ 19 የሆነው 15 ነው። ሁለቱ በአንድ ኮር ላይ ቢገናኙ ዝቅተኛው የሚደርሰው 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ማንንም አያንቅም።

ታዲያ እንደ ጎርጎርሮሳውያኑ አቆጣጠር በ2011 ከወጣው 2.6.38 ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ጀምሮ ኦቶግሩፕ የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዱ የተርሚናል መስኮት የራሱ ቡድን ይሆንና ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ በቡድኖች መካከል እኩል ይከፋፈላል። የአንቺ 19 የሚቆጠረው በዚያ ተርሚናል ውስጥ ብቻ ነው። ውስጡ ሌላ ሥራ ከሌለ ዝቅ ያለው ከራሱ በታች ነው፤ ጽሕፈትሽ ካለበት ቡድን ጋር ግን ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ፕሮክ በሚባለው ማህደር ሥር በሂደቱ ቁጥር ውስጥ ኦቶግሩፕ የሚባል ፋይል አለ፤ እርሱ ላይ 19 ጻፊበት፤ ያኔ ቡድኑ ራሱ ዝቅ ይላል።

የድሮ ቴክኒሺያን

ባለ ታንኳ ያለው ልክ ነው፤ የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስነሳው ሲስተምዲ ሂደቶቹን ሲግሩፕ በሚባሉ የከርነል ቡድኖች ከከፋፈላቸው ግን ኦቶግሩፕ ቦታውን ይለቃል። ያኔ ሥራውን በሲስተምዲ ራን ትእዛዝ አስነስቶ የፕሮሰሰር ክብደቱን ከተለመደው 100 ወደ 1 ማውረድ ነው።

እኔ የጠረጠርኩት ግን ሌላ ነው። ፕሮሰሰር ቢጣበብ ቀስቷ እየተንገጫገጨች ትሄዳለች እንጂ እንዲህ ድርቅ አትልም። እህቴ፣ ወፍጮ ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ? ናይስ የሚወስነው ድንጋዩ ላይ ማን ቀድሞ ይፍጭ የሚለውን ነው። ተራውን በትሕትና የለቀቀው ሰውዬ አሥር ኩንታሉን በሩ ላይ ከደረደረው ግን አንቺ በምን ትገቢያለሽ? በሩ ዲስኩና ራሙ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደርቅ ቶፕ በሚባለው የሂደቶች መከታተያ ላይ ደብልዩ ኤ የሚለውን ቁጥር፣ ፕሮሰሰሩ ዲስክ እየጠበቀ የቆመበትን መቶኛ፣ ተመልከቺና ንገሪን።

የሽምብጧ ጸሐፊ

ዛሬ ወንድሜ ካርዱን ሲገለብጥ ጠብቄ አየሁት። ደብልዩ ኤ 60 አልፏል፤ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ እየጠበቀ ሥራ ፈቷል! ስዋፕም (ራም ሲሞላ ዲስክ ላይ የሚያዘው ቦታ) 1 ጊጋባይት ተይዟል። የዲስክ ተራን የሚያስለቅቀውን አዮናይስን በሥራ ፈት ደረጃ ጨመርኩበት፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። አሁን ተናድጃለሁ።

የድሮ ቴክኒሺያን

መናደድሽ አይገርምም። የአዮናይስን ቃል በደንብ የሚሰማው የዲስኩ ወረፋ አስተናባሪ ቢኤፍኪው ሲሆን ነው፤ «ምንም» የሚለው ላይ ከተቀመጠ ሰሚ የለውም። ቢሰማም የሚገዛው ንባብንና በቀጥታ ወደ ዲስክ የሚሄድ ጽሕፈትን ነው። ቅጂ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው ራም ላይ ነው። እዚያ «ቆሻሻ» ተብሎ ይጠራቀምና በኋላ ወደ ዲስክ የሚያራግፈው ራሱ ከርነሉ ነው። ከርነሉ ደግሞ የወንድምሽን ትሕትና አያውቅም።

በተለመደው አሠራር ማራገፉ የሚጀምረው ቆሻሻው ካለው ራም 10 በመቶ ሲሞላ ነው፤ ወደ 20 በመቶ ሲጠጋ የሚጽፍ ፕሮግራም ሁሉ ቆሞ እንዲጠብቅ ይገደዳል። የአባባ ማመልከቻም ለአታሚው ወረፋ ዲስክ ላይ የምትጻፍ ናትና እዚያው ቆማ ቀርታለች።

የዚህን ቆሻሻ ጣሪያ፣ ቪኤም ደርቲ ባይትስ የሚለውን፣ 64 ሜጋባይት አድርጊው፤ ትንሽ በትንሽ ይራገፋል። ቪዲዮ ማሳነሱን ደግሞ ሜሞሪ ሃይ በሚባለው የሲስተምዲ የራም ገደብ 1 ጊጋባይት ላይ ገድቢው፤ ያን ሲያልፍ የሚንገላታው እርሱ እንጂ የአንቺ ጽሕፈት እንዳይሆን።

ጣና ዳር

እኔ ይህን ሁሉ ጥበብ አላውቅም። ደንበኛ ሲገባ ለኤፍኤፍኤምፔጉ በኪል ትእዛዝ ስቶፕ (ቁም) እልክለታለሁ፤ ሲወጣ ኮንት (ቀጥል)። ካቆመበት ይቀጥላል፤ የሚጠፋ ሥራ የለም። መብራት ከጠፋ ግን ሌላ ነው። ኤምፒ4 የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ በመሐል ከተቋረጠ አይከፈትም። ኤምኬቪ ወደሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ያውጡት፤ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይታያል።

የሽምብጧ ጸሐፊ

64 ሜጋባይቱንና ገደቡን አደረግሁ። ካርድ እየተገለበጠ ሦስት ገጽ አተምኩ፤ ቀስቷም እጄን እየተከተለች ነው። ቪዲዮው አምስት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ወደ ሰባት ሄዷል፤ ወንድሜ አኩርፏል። ሙሽሮቹ ገና ከመልስ ስላልተመለሱ ማንም አይጠይቀውም። አባባ ሐሙስ እንደገና ይመጣሉ፤ የማመልከቻቸው ቀን ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ደግሞ የእኔ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ሙሽሮቹ የቴሌቪዥናችን ማጫወቻ ኤምኬቪ አይከፍትም ቢሉኝስ?

ጣና ዳር

ሲያልቅ በዚያው በኤፍኤፍኤምፔግ «ኮፒ» ብለው ወደ ኤምፒ4 ይቀይሩት። ቪዲዮውን እንደገና አያሳንሰውም፤ የፋይሉን መያዣ ብቻ ነው የሚለውጠው። ግን ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ አባባ ከወጡ በኋላ ይሁን።